«ደርሷል» የሚለው ማነው?

ሰው «ምን ስትሠሪ ኖርሽ?» ሲለኝ መልሱ ገና ሳልጀምረው ያደክመኛል። መምህር የነበረ «መምህር ነበርኩ» ይላል፤ ነርስ የነበረች «ነርስ ነበርኩ» ትላለች፤ በቃ። እኔ ለእድራችን ዳኛ «ሶፍትዌር ላይብረሪ እፈትሽ ነበር» ብላቸው፣ «ደግ ነው፤ መጻሕፍት ቤት ጸጥታ አለው» አሉኝ። እሺ ብዬ አለፍኩ። ጡረታ የወጣ ሰው ሁሉን ነገር የማስረዳት ግዴታ የለበትም። እዚህ ግን አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ጥሩነሽ እባላለሁ፤ የሥራ ባልደረቦቼ በኦሮምኛ «ወይዘሮ» እንደ ማለት አዴ ጥሩነሽ ይሉኛል። የጎባ ልጅ ነኝ። አያቴ ከሰሜን መጥተው እዚህ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እኔ ደግሞ ከሰፈሩ ልጆች ጋር በኦሮምኛ ተጣልቼ በአማርኛ እየታረቅሁ ያደግሁ ነኝ። ሁለቱንም እስከ ዛሬ እቀላቅላለሁ፤ የሚከፋው ካለ ይክፋው።

ሥራ የጀመርኩት ጎባ ስልክ ቤት ነው፤ ኦፕሬተር ሆኜ። ያኔ ደሎ መና ለመደወል የፈለገ ሰው መጥቶ ይነግረናል፤ እኛ ገመዱን ከቀዳዳው ሰክተን የደሎ መናዋን ኦፕሬተር እንጠራለን። መስመሩ የሰነቲን አምባ አቋርጦ ነው የሚወርደው፤ ነፋስ የተነሣ ቀን ከጩኸት በቀር የሚሰማ የለም። እንዲህ ሲሆን መልእክቱን እኛው ተቀብለን፣ መስመሩ ለአፍታ ሲጠራ እናስተላልፋለን። «እናትህ ታመዋል፣ ቶሎ ና።» «ማሩን አትሽጠው፣ ዋጋ ሊወጣ ነው።» ከሃረና ጫካ በኩል የሚመጣው ሰው ደግሞ ለራሱ ብቻ አይመጣም። የመንደሩን ጉዳይ ሁሉ በቃሉ ይዞ ይመጣና መስኮቱ ላይ ተደግፎ አንድ በአንድ ያወርደዋል። ከኋላው የተሰለፈው ሰው «ኧረ ይሄ ሰውዬ ስንት ቤተሰብ ነው ያለው?» ብሎ ይነጫነጫል።

አለቃችን አቶ ዘውዴ የሚባሉ ጥቁር ካፖርታቸውን በበጋም የማያወልቁ ሰው ነበሩ። አንድ አመል ነበራቸው። መልእክት ስናስተላልፍ፣ የወዲያኛዋ ኦፕሬተር የሰማችውን ቃል በቃል መልሳ ካልደገመችልን በቀር ለደንበኛው «ደርሷል» ማለት ክልክል ነው። እኔ ልጅ ነኝ፣ ጣቴ በውርጭ ደንዝዟል፣ ሰው መስኮቱን ይደበድባል፤ «ደርሷል» ብዬ መገላገል እፈልጋለሁ። አቶ ዘውዴ ከኋላዬ መጥተው «ልከሻል እንጂ አልደረሰም» ይላሉ። «መላኩን አንቺ ታውቂያለሽ። መድረሱን የምታውቀው እሷ ናት፤ ጠይቂያት።» ስንት ቀን በሆዴ ረግሜያቸዋለሁ መሰላችሁ! ነፍሳቸውን ይማር።

ከዚያ ማሽኑ መጣ፤ ሰው ሁሉ ከቤቱ በቀጥታ መደወል ጀመረ፤ እኛም ተበተንን። እኔ ሮቤ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ በጸሐፊነት ገባሁ። ጠዋት ጠዋት ከጎባ በሚኒባስ እሄዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። የደመወዙን ነገር ተዉት፤ ባወራው ራሴን ነው የማሳዝን።

ከማልን ያወቅሁት እዚያ ነው። ሮቤ ተወልዶ አዲስ አበባ የተማረ፣ የኮሌጁ ኮምፒውተር ላብ ኃላፊ፤ በዕድሜ ከእኔ በጣም ያንሳል። አንድ ቀን ደብዳቤ ስጽፍ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል። እጽፋለሁ፣ ሴቭ አደርጋለሁ፣ እዘጋለሁ፤ ከዚያ እንደገና ከፍቼ አያለሁ።

«አዴ ጥሩነሽ፣ ‘ተቀምጧል’ ብሎ ነግሮዎት የለም እንዴ? ምን ያስከፍትዎታል?» አለኝ።

«የነገረኝ እሱ ነው፤ እኔ መች አየሁ?» አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና፣ «ወላሂ፣ ከነገ ጀምሮ ከእኔ ጋር ነው የሚሠሩት» አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ነበር፤ በማግሥቱ ወንበሬን ራሱ ተሸክሞ ወሰደው።

ሥራው ይህ ነው። ላይብረሪ የምለው መጻሕፍት ቤት አይደለም። አናጢ በር ሲሠራ ማጠፊያውን ራሱ አይቀጠቅጥም፤ ከሱቅ ገዝቶ ይገጥመዋል። ላይብረሪ ማለት ማጠፊያው ነው፤ ሌሎች ፕሮግራመሮች ወስደው በራሳቸው ሥራ ውስጥ የሚገጥሙት ኮድ። የእኛው ኦፕን ሶርስ ነበር፤ ማለት፣ ማጠፊያውን በነፃ እንሰጣለን፣ አሠራሩንም ገልጠን እናሳያለን። የፈለገ ይወስዳል፣ የገባው ያርማል፣ የተናደደ ይሰድባል። ስሙን «ስንቅ» አልነው። ኔትወርክ በሌለበት ቦታ የተጻፈን ነገር ስልኩ ይዞ ይቆይና፣ ኔትወርክ ሲያገኝ ባንድ ጥቅል ወደ ማዕከሉ ኮምፒውተር ይልከዋል። መንገደኛ ስንቁን ይዞ እንደሚሄደው ማለት ነው። ባሌ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ለምን እንደሚያስፈልግ የባሌ ሰው አይጠይቅም።

ከማል ኮዱን ይጽፋል፣ እኔ አበላሻለሁ። ማበላሸትን ያስተማረኝ ራሱ ነው። ስልኩ ሊልክ ሲል ባትሪውን ንቀዪ፤ ሰዓቱን አዛቢ፤ ማስቀመጫውን በፎቶ ሙዪና ትንፋሽ አሳጪው፤ ትዕግሥት እንዳጣ ሰው አንዱን ቁልፍ ደጋግመሽ ቀጥቅጪ። (በአንቺ እየተናገረ አልነበረም፤ «ይንቀሉ፣ ያዛቡ» ነበር የሚለኝ፤ እኔ ነኝ አሁን ያሳጠርኩት።) ጠረጴዛው ላይ አንድ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ነበረው። ስልኩን በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልሎ ቆርቆሮው ውስጥ ይከተዋል፣ ክዳኑን ይጭናል፤ ኔትወርኩ ድርግም ይላል። ከፈት ሲያደርገው ይመለሳል። አንድ ቀን ሙሉ ክዳን ስከፍትና ስዘጋ ውያለሁ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ መጥታ «ብስኩቱ አላለቀም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ኮዱንም ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው። መስመር በመስመር፣ እንደ ቁርኣን ተማሪ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ። የተደናቀፈበት ቦታ ላይ ይቆምና «እዚህ አንድ ነገር አለ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ አለ። ሥራ ሲያልቅ ደግሞ «አለቀ» አይልም፤ «ለጊዜው አልተሰበረም» ነው የሚለው።

አዲስ ቨርዥን ከመልቀቃችን በፊት የግድ አውቶቡስ እንሳፈራለን። ከጎባ ደሎ መና። ሦስት ስልክ ጭናችን ላይ ዘርግተን፣ ሰነቲ ላይ ኔትወርኩ ሲጠፋ፣ ሪራ ጋ ብልጭ ሲል፣ ጫካው ውስጥ እንደገና ሲጠፋ፣ የተላከውንና ያልተላከውን እያየን። ተሳፋሪው «ስልክ ትሸጣላችሁ?» ይለናል። መከራው ግን ከማልን መኪና ያስመልሰዋል። የሃረና ቁልቁለት ሲጀምር ፊቱ አመድ ይመስላል፣ ፌስታሉን ያዘጋጃል። «ተው ይቅርብህ፣ እኔ ልሂድ» ስለው እምቢ ይላል። «ቢሮ ውስጥ የሠራ ነገር ሁሉ መንገድ ላይ ይሠራል ማለት አይደለም» ይላል፤ ከዚያ ወደ ፌስታሉ ይመለሳል።

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ስንቅን የማናውቃቸው አገሮች ሰዎች ወስደው ተጠቀሙበት። ማመስገን ግን ከሰው ጠፍቷል። ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት የማገኘው «ለምን አይሠራም? ነገ እፈልገዋለሁ» የሚል ነው። በነፃ የሰጠኸውን ነገር ሰው እንደ አበዳሪ ቆሞ ሲጠይቅህ ያደክማል። ከማል ለሁሉም በትሕትና ይመልሳል፤ እኔ ብሆን ስንቱን በባሌ አፍ በመለስኩለት።

ያቺ ቨርዥን እንግዲህ።

በጊዜው አንድ እሮሮ በዝቶ ነበር። ስልኩ እየላከ እያለ ኔትወርክ ከተቋረጠ፣ ያልደረሰ መስሎት እንደገና ይልከዋል፤ ማዕከሉ ሁለት ያገኛል። የተከተበ አንድ ልጅ ሁለት ልጅ ሆኖ ይቆጠራል። መፍትሔውን አንድ ከውጭ አገር የሚረዳን ሰው ጽፎ ላከ። ከአንድ የኢንተርኔት መስመር፣ በተቀራራቢ ደቂቃ፣ አንድ ዓይነት ሪፖርት ደግሞ ከመጣ፣ ሁለተኛው ድግግሞሽ ነውና ይጣል፤ ለስልኩም «ደርሷል» ይባል። ስልኩ «ደርሷል» ሲባል ደግሞ ቦታ እንዳይጣበብ የያዘውን ያጠፋዋል። ከማል ጮክ ብሎ አነበበው፤ አልተደናቀፈም። እኔ ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኩት፣ ባትሪ ነቀልኩ፣ ሰዓት አዛባሁ። አውቶቡስ ተሳፈርን፤ ከማል አስመለሰው። ምንም አላጓደልንም። ሦስቱ ስልኮቻችን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሲም ካርድ ነበራቸው፤ እሱን ልብ ያለ የለም። ከማል «ቢስሚላህ» ብሎ ለቀቀው።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተና አንዲት ሴት ገባች። ሻርፕ የተከናነበች፣ ጫማዋ የጫካ ጭቃ የያዘ፣ ከአውቶቡስ መውረዷ ገና የሆነች።

«አሰላሙ አለይኩም» አለች። ከዚያ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ፣ ቆርቆሮው አጠገብ፣ ዱብ አደረገችው። «‘ደርሷል’ የሚለው ማነው?»

«ወአለይኩም ሰላም። ተቀመጪ እስቲ» አላት ከማል። «ማን ደርሷል አለሽ?»

«ይሄ ነዋ! ወራት ሙሉ ‘ደርሷል’ ይለኛል። የወረዳው ጤና ቢሮ ደግሞ ‘ከአንቺ የመጣ ምንም የለም፣ ቤትሽ ተቀምጠሽ ደመወዝ ትበያለሽ’ ይለኛል። መተግበሪያውን የሠሩትን ስጠይቅ ‘ያ ክፍል የእኛ አይደለም፣ ሮቤ ያሉ ሰዎች ናቸው የሠሩት’ አሉኝ። መጣሁ።»

ዘይነባ ትባላለች። ሃረና ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ቤት ለቤት እየዞረች ነፍሰ ጡሮችን ታያለች፣ የሕፃናት ክትባት ትከታተላለች፣ ያየችውን በስልኩ ትጽፋለች። በሚቀጥለው የወረዳ ስብሰባ ጉዳይዋ ሊቀርብና ልትሰናበት ነው። ሥራውን ማጣቱ ብቻ አልነበረም ያንገበገባት። «የራሴ ሰፈር ሰው ‘እሳት ከሌለ ጭስ የለም’ ማለት ጀምሯል» አለች። «እንግዲህ ወይ እኔ ውሸታም ነኝ፣ ወይ ይሄ ስልክ ውሸታም ነው። ንገሩኝ። ማነው?»

ከማል ፈተሸ። ማዕከሉ ላይ በእሷ ስም ምንም የለም። ስልኳ ላይ ደግሞ አረንጓዴ «ደርሷል» ተደርድሯል። ፈተናዎቻችንን በሙሉ እንደገና አስነሣ፤ ሁሉም አለፉ። አንገቱን አቀረቀረና «ከእኛ በኩል የሚታይ ችግር የለም» አለ።

ዘይነባ ስልኳን አነሣች። «ገባኝ። ውሸታሟ እኔ ነኝ ማለት ነው።»

እኔ ስልክ ቤት ብዙ ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ መስኮት ላይ ቆሞ የሚያለቅስ ሰው አዲሴ አይደለም። ይቺ ግን አላለቀሰችም፤ ሻርፗን አስተካክላ ወደ በሩ ሄደች። «ቆይ» አልኳት። «እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ። ስትጽፊም፣ ሲላክም በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።» ከማል መሳቢያውን ከፈተና ፌስታል አወጣ።

ቁልቁለቱ ላይ ያስመልሰው ጀመር። ዘይነባ ከቦርሳዋ ሎሚ አውጥታ ሰጠችው። «ሽተተው። ይሄን ሁሉ ተምረህ መኪና መሳፈር አልተማርክም እንዴ?» አለችው። የጠፋበትን ሳቅ ያን ዕለት ያገኘው እዚያች ላይ ነው።

መንደሯ ስንደርስ ሥራዋን ተከትለን ዋልን። በጫካው መሐል ካንዱ ግቢ ወደ ሌላው ግቢ ትሄዳለች፤ ከውሾች ጋር ትጣላለች፣ ከባልቴቶች ጋር ትቀልዳለች፣ ሕፃን ትመዝናለች፣ ትጽፋለች። ሥራዋን በዓይኔ አየሁት። ስልኩ ላይ «በስንቅ ተይዟል» ይላል፤ እስከዚህ ትክክል ነው።

«አሁንስ? ኔትወርክ ፍለጋ የት ትሄጃለሽ?» አላት ከማል።

«እኔ? እኔ የትም አልሄድም። የኦቦ ሙስጠፋን ፈረስ ነው የምጠብቀው።»

ከማልና እኔ ተያየን።

ኦቦ ሙስጠፋ ማር ነጋዴ ናቸው። በገበያ ቀን ማራቸውን በፈረስ ጭነው ወደ ደሎ መና ሲወርዱ የዘይነባንና የአጎራባች ቀበሌ ጤና ሠራተኞችን ስልኮች ሁሉ ሰብስበው ይሄዳሉ። መንደሩ መብራትም የለው፣ ስልኮቹ ከተማ ቻርጅ ተደርገው መምጣት አለባቸው። በመንገድ ላይ ኔትወርክ የሚይዝ አንድ ገመገም አለ። በማግሥቱ ገበያ ነበርና ተከትለናቸው ሄድን። እዚያ ሲደርሱ ፈረሳቸውን አሰሩ፣ ማዳበሪያ አነጠፉ፣ ስልኮቹን አወጡ፤ እንዳይቀያየሩ እያንዳንዱ በተለያየ ቀለም ጨርቅ ተጠቅልሏል። ካርድ የተሞላው ግን የእሳቸው ስልክ ብቻ ነው። ከእሳቸው ስልክ ለሁሉም ኢንተርኔት አካፈሉና ስልኮቹን አንድ በአንድ አበሯቸው። ቲን፣ ቲን፣ ቲን ማለት ጀመሩ። «ደርሷል፣ ደርሷል፣ ደርሷል።» የዘይነባ ስልክ አሮጌ ናት፤ እስክትነሣ ሁሉም ጨርሰዋል። በመጨረሻ እሷም ቲን አለች። «ደርሷል።»

ከማል ማዳበሪያው አጠገብ ቁጭ አለ። ማስመለስ እንኳ ከዚያ ይሻላል፣ ፊቱ እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። «ሁሉም በአንድ መስመር» አለ በቀስታ። «የመጀመሪያውን ተቀብሎ የቀረውን ድግግሞሽ ነው ብሎ ይጥለዋል። የሌሎቹ ተራ ይቀያየራል፣ አንዳንዴ ይደርስላቸዋል፤ የእሷ ግን ሁልጊዜ መጨረሻ ናት።» ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ኦቦ ሙስጠፋ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርጉት?»

«ታዲያስ!» አሉ ሰውዬው እየገረማቸው። «አንዱ እየሄደ ሌላው ለምን ይደክማል?»

ያን ጊዜ ስልክ ቤቱ መስኮት ላይ ተደግፎ የመንደሩን ጉዳይ የሚያወርደው ሰውዬ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ያው ሰው ነው እኮ! ያው መንገድ፣ ያው ልማድ። የባሌ ልጅ ነኝ እያልኩ፣ ከማልም የሮቤ ልጅ ሆኖ፣ ሰው አንድ ስልክ ይዞ ለብቻው እንደሚሄድ አድርገን ሠራነው። ከውጭ አገር የጻፈልን ሰውስ አያውቅም፤ በሱ አልፈርድም። እኛን ምን ነካን? እንዲህ ያለ ንዴት ከዚያ በፊትም በኋላም ተናድጄ አላውቅም።

ዘይነባ ግን የጠየቀችው ሌላ ነው። «ያለፈውስ? እስከ ዛሬ የጻፍኩት?»

ከማል ስልኩን ደጋግሞ አገላበጠው። «ጠፍቷል» አላት። «‘ደርሷል’ ሲባል አጥፍቶታል። የሚመለስበት መንገድ የለም።»

ሣሩ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን አሸት አሸት አደረገች፣ መልሳ አጠለቀች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ እጄን ትከሻዋ ላይ አኖርኩ።

ስብሰባው ደረሰ። አዳራሹ የጤና ሠራተኞችና ተቆጣጣሪዎች ሞልተውበታል። የዘይነባ ጉዳይ ሲነሣ ከማል እጁን አውጥቶ ሁሉንም አስረዳ። የጤና ቢሮው ኃላፊ አልጣማቸውም። «ወንድሜ፣ ጥፋተኛ ሲያዝ ሁልጊዜ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ አይጠፋም። ማስረጃ አለህ?» አሉት።

«አለኝ» አለ ከማል። «ሁላችሁም ይህ መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ አለ አይደል? እባካችሁ በአዴ ጥሩነሽ ስልክ ኢንተርኔት ግቡና ‘በስብሰባው ተገኝቻለሁ’ ብላችሁ ሪፖርት ላኩ። ክቡር ኃላፊ፣ እርስዎም። ዘይነባ ብቻ ቅደሚ።»

ተንሾካሾኩ፣ ሳቁ፣ ላኩ። ስልኮቹ በየወንበሩ ቲን ቲን አሉ።

«ደርሷል አላችሁ?»

«ደርሷል!» አለ አዳራሹ።

«እርስዎስ፣ ክቡር ኃላፊ?»

«ደርሷል ብሎኛል» አሉ ስልካቸውን ከፍ አድርገው።

ከማል ላፕቶፑን ወደ ሰዉ አዞረው። ከስሞቹ ሁሉ አንድ ስም ብቻ ነበር፤ ዘይነባ። «በማዕከሉ መሠረት» አለ፣ «ዛሬ ስብሰባ የመጣችው እሷ ብቻ ናት። የቀራችሁት ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ደመወዝ ትበላላችሁ። ክቡር ኃላፊ፣ እርስዎም ዛሬ ሥራ አልገቡም።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ኃላፊው ራሳቸው ሳያስቡት ሳቁ፣ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ የቴክኒክ ችግር ነው። ጉዳዩ ተዘግቷል። ወደሚቀጥለው አጀንዳ...»

ዘይነባ ተነሣች። «ይቅርታ የሚለኝ የለም?»

ሳቁ ቆመ። ኃላፊው ወረቀታቸውን አገላበጡ፣ ሌላው ወደ መስኮቱ አየ። ከማል ከመቀመጫው ተነሣ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ዲፋማ፣ ዘይነባ። ይቅር በዪኝ።»

«ያንተን ይቅርታ ምን ላድርገው፣ ኦቦ ከማል?» አለችው። ተቆጥታ አልነበረም፤ ደክሟት ነው። «አንተ እኔን መች ዋሸኸኝ? የዋሸኝ ይሄ ነው። እሱን ይቅርታ አስጠይቀው።» ስልኳን አሳየችውና ተቀመጠች።

አንዳንዱ እንደገና ሳቀ። ከማል አልሳቀም። በመልስ ጉዟችን ሰነቲን አልፈን ጎባ ስንደርስ ነው «እንዴት አድርገን ነው የምናስጠይቀው?» ያለኝ።

የተበላሸችውን ቨርዥን አነሣናት። ከማል የሆነውን ሁሉ ሳይሸፋፍን ጽፎ ለዓለም አወጣው። ሌላ አገርም እንዲህ የጠፋባቸው ሰዎች እንደነበሩ ያኔ ሰማን፤ ስድቡንም ጠጣነው። ከዚያ ስንቅን ከሥሩ አፍርሰን ሠራነው። እያንዳንዱ ሪፖርት ገና ሲጻፍ የራሱን መለያ ይይዛል፤ በማን ኢንተርኔት ቢመጣ ከሌላው ጋር አይምታታም። ማዕከሉም የተቀበለውን መልሶ ለስልኩ ይደግምለታል። ስልኩ የላከውንና የተደገመለትን አስተያይቶ አንድ ካልሆነ በቀር ምንም አያጠፋም፣ «ደርሷል»ም አይልም። የመድገሙን ሐሳብ ስነግረው ከማል «ከየት አመጡት?» አለኝ። «ካፖርት ከማያወልቁ ሰውዬ» አልኩት። እስከዚያ ድረስ ደግሞ ስልኩ በአማርኛም በኦሮምኛም አንድ ነገር ይላል፤ «ይቅርታ፣ ገና አልደረሰም።»

ለመፈተሻ ስልኮች ሰብስቤ በጨርቅ ጠቅልዬ ለኦቦ ሙስጠፋ ላክሁ። ያ ፈተና ኮዱ ውስጥም ገብቷል፤ ስሙ «ፈረስ» ነው። እስከ ዛሬ ፈረስን ሳያልፍ የተለቀቀ ቨርዥን የለም። የውጭ ሰዎች «ፈረስ ምንድን ነው?» እያሉ ይጠይቃሉ፤ መልሱ ረጅም ነው።

ዘይነባ የጠፋውን ለመተካት ያን ሁሉ ቤት እንደገና ዞረች። እረፍት ወስጄ የተወሰነውን አብሬያት ዞርኩ፤ ጉልበቴ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። በየቤቱ «ጽፈሽው አልነበረም እንዴ?» ይሏታል። «ነበር» ትላለች፤ ሌላ አታስረዳም። ስሟን መለስንላት፤ ድካሟን ግን ልንመልስላት አልቻልንም።

በኋላ አንዱ ከውጭ «ስልክ ይቅርታ አይጠይቅም፤ ቃሉ ትርፍ ነውና ይሰረዝ» ብሎ ጻፈልን። ከማል፣ ለሰው ሁሉ ረጅም መልስ የሚጽፈው ሰውዬ፣ «አይሰረዝም፤ ዕዳ አለበት» ብሎ ዘጋው።

ከማል አሁን የለም፤ ማለት፣ በሕይወት አለ፣ አልሐምዱሊላህ፤ ዓይኑ ደከመና ልጆቹ ያሉበት አዲስ አበባ ሄደ። የብስኩት ቆርቆሮውን ለእኔ ተወልኝ፤ መርፌና ክር አስቀምጬበታለሁ። በቦታው የመጡት ወጣቶች ጎበዞች ናቸው፤ ኮዱን ግን አብዛኛውን ኤአይ የሚሉት ማሽን ነው የሚጽፍላቸው፣ ጮክ ብሎ የሚያነበውም የለም። ጡረታዬ ሲቃረብ አጽድተው ያመጡልኝን አዲስ ቨርዥን ሳይ «ይቅርታ» የለችም።

«ቃሏ የት ሄደች?» አልኳቸው።

«አዴ፣ ማሽኑ ትርፍ ናት ብሎ ነው። ሁሉም ፈተና አልፏል እኮ። ደግሞስ ያንን ማን ያነበዋል?»

«የምታነብ ሴት አውቃለሁ» አልኩና መልሼ አስገባኋት። የመጨረሻ ሥራዬ ያችው ናት። የሽኝቱ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ፣ ኬክ ቆረስን፣ ስለ ረጅም አገልግሎቴ ንግግር ተደረገ። አብዛኛው ሰው የሠራሁትን አያውቀውም፤ ላስረዳም አልሞከርኩም።

ባለፈው ሰሞን ተነሥቼ ወደ ሃረና ወረድኩ፤ በዚህ ጊዜ ስልክ ለመፈተሽ ሳይሆን ሰው ለመጠየቅ። ዘይነባ ያው ሥራዋ ላይ ናት። ኦቦ ሙስጠፋ አርጅተዋል፣ ፈረሳቸውም ተለውጧል፤ ስልኮቹን ግን እስከ ዛሬ እሳቸው ናቸው የሚወስዱት። ማታ ደጃፏ ላይ ተቀምጠን የሆድ የሆዳችንን ስናወራ፣ ጠይቄያት የማላውቀውን ጠየቅኋት።

«እሱን ነገር» አልኳት ስልኳን በአገጬ እያሳየሁ፣ «ይቅር አልሽው?»

ስልኳን አነሣችና አየችው። «ቤት ለቤት ስዞር እንዲሁ ሲለኝ ነው የሚውለው፤ ይቅርታ፣ ገና አልደረሰም። ይቅርታ፣ ገና አልደረሰም። ዝም እለዋለሁ። ኦቦ ሙስጠፋ ከገበያ ሲመለሱ እከፍተዋለሁ። የልጆቹ ስም ተደግሞ መጥቷል ወይ ብዬ አንድ በአንድ አያለሁ። ሁሉም ካሉ ይቅር እለዋለሁ።»

«እሰይ!» አልኳት። «እንኳን ይቅር አልሽው።»

«ለዚያ ቀን» አለች።